በመስታወቱ በኩል ሲታይ

አንዳንድ ሰው አፉን ሲከፍት ዕድል ይገባለታል፤ አንዳንዱ ደግሞ አፉን ሲከፍት ጉድ ይወጣዋል። ኬሚስቱ ከሁለተኞቹ ወገን ነበር። የእሱ መከራ የወጣውን ጉድ ሰዎች ዕድል ነው ብለው ማጨብጨባቸው ነው።

የሚሠራበት ፋብሪካ የቤት ማሞቂያ ያመርታል። ማሞቂያው በጋዝ የሚነድ፣ ቁመቱ ከጉልበት የማያልፍ የቆርቆሮ ሣጥን ነው። ፊት ለፊቱ ላይ መዳፍ የምታህል መስታወት አለችው፤ ባለቤቱ ጎንበስ ብሎ እሳቱ መንደዱን እንዲያይባት። የኬሚስቱ ሥራ በዚያች መስታወት ማጮለቅ ነበር። ከፋብሪካው ጀርባ ባለችው የሙከራ ክፍል፣ ከዛጉ ቱቦዎችና አንድ እግሩ ከተሰበረ ወንበር ጋር ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ እሳት ያያል።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ተምረህ እሳት ዳር መቀመጥ!» ይሉታል የብየዳ ክፍል ሰዎች። «አያታችን ሳትማር ትቀመጥ የለ?»

«አያታችሁ የሙቀቱን ልክ አታውቅም።»

«ታውቃለቻ! ሲበዛባት ትሸሽ ነበር።»

ይስቃሉ፤ እሱም ይስቃል። ቀልድ ይወዳል። ይልቁንም በስብሰባ ላይ አንድ ነገር ሳይጥመው ሲቀር መቀለድ ይወዳል። የተማረ ሰው ፈሪነት እንዲህ ነው፤ «አይሆንም» ማለት ሲያቅተው ሰው ያስቃል፣ ከዚያም ተቃወምኩ ብሎ ቤቱ ገብቶ ይተኛል።

ነገሩ የተበላሸው ብርዱ ሊገባ ሲል ነው። ለአዲሱ ማሞቂያ የአየር ቀዳዳዎቹን የሚበሳው መሣሪያ ከልኩ ጠቦ ታዞ ኖሮ፣ መጋዘን ሙሉ ማቃጠያ ጠባብ ቀዳዳ ይዞ ተመረተ። ኬሚስቱ አንዱን ለኮሰና አየው። ከዚያ ሌላ ለኮሰ። ከዚያ ስብሰባ ይጠራልኝ አለ።

በስብሰባው ላይ ሥራ አስኪያጁ ነበር፤ ሠራተኛው ከኋላው «አቶ ይቻላል» የሚለው ሰው። የሽያጭ ኃላፊዋም ነበረች። ኬሚስቱ ማሞቂያውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ለኮሰላቸው። ረጅም፣ ለስላሳ፣ ወርቅ የመሰለ ነበልባል በመስታወቷ ውስጥ ተወዛወዘ።

«ቢጫ ነው» አለ ኬሚስቱ።

«አያለሁ። ያምራል» አለ አቶ ይቻላል።

«የሚያምረው ርቦት ነው። እሳት አየር ሲያንሰው ጋዙን በልቶ አይጨርስም። የተረፈው ካርቦን ጥላሸት ይሆናል፤ ያ ጥላሸት እየጋለ ሲፈካ ነው ቢጫ ሆኖ የምናየው። አየር የጠገበ እሳት ሰማያዊ ነው፤ ሙቀቱ ሁለት ሺህ ዲግሪ ሊጠጋ ይችላል። ይሄኛው በብዙ መቶ ዲግሪ ይቀዘቅዛል።»

«ቢቀዘቅዝስ?» አለች የሽያጭ ኃላፊዋ። «ሰው ሹራብ ይደርባል።»

«ችግሩ ሙቀቱ አይደለም። በደንብ ካልተቃጠለ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። በተዘጋ ቤት ውስጥ መጀመሪያ ራስ ያማል፤ ቀጥሎ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እንቅልፍ ነው።»

አቶ ይቻላል ዓይኑን ከነበልባሉ ነቀለ።

«ትክክለኛው መብሻ መቼ ይደርሳል?»

«ታዟል። ግን የሚደርሰው ብርዱ ካለፈ በኋላ ነው።»

«ብርዱ ካለፈ በኋላ ማሞቂያ ለማን ልሸጥ? ለፀሐይ?» ወደ ሽያጭ ኃላፊዋ ዞረ። «ደንቡ ምንድን ነው የሚለው?»

እሷ ደንቡን በቃሏ ታውቀዋለች። «‹ነበልባሉ በመስታወቱ በኩል ሲታይ ሰማያዊ መሆን አለበት› ነው የሚለው።»

ኬሚስቱ እዚህ ላይ መነሳት ነበረበት። ጠረጴዛውን መምታት፣ መጮኽ፣ ማሞቂያውን ተሸክሞ መውጣት ነበረበት። እሱ ግን ቀልድ መጣለት።

«እንግዲያው ምን ቸገራችሁ?» አለ። «መስታወቱን ሰማያዊ አድርጉታ!»

ብቻውን ሳቀ። ሌሎቹ አልሳቁም። ቀልዱ ያልገባቸው መስሎት ማብራራት ጀመረ፤ ቀልዱን የሚያብራራ ሰው ደግሞ መጨረሻው አያምርም። «ኮሌጅ እያለን ጨዎችን በነበልባል እንለይ ነበር። መዳብ አረንጓዴ፣ ፖታሲየም ሐምራዊ ይነዳል። ሶዲየም ግን ሁሉን ያበላሻል፤ የላብ ጠብታ፣ የጣት አሻራ ከነካው ሁሉ ነገር ቢጫ ነው፣ ሌላውን ቀለም ይውጠዋል። ስለዚህ በኮባልት የተቀለመ ሰማያዊ መስታወት ይሰጡናል፤ በእሱ ስታዩ ቢጫው ድራሹ ይጠፋል። መምህራችን ‹መስታወቱ ቢጫውን አያጠፋውም፣ እናንተን ነው የሚያሳውራችሁ› ይሉን ነበር። እና እናንተም...»

«ኮባልት» አለ አቶ ይቻላል ቀስ ብሎ፣ የዘመድ ስም እንደሚጠራ ሰው። «ይገኛል?»

«ይገኛል፤ ግን እኔ...»

አቶ ይቻላል ከወንበሩ ተነሳና እጁን ዘረጋ። ኬሚስቱ እዚያ ፋብሪካ ከገባ ጀምሮ ማንም ለእሱ ከወንበር ተነስቶለት አያውቅም። «እየቀለድኩ ነው» የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቀልዱ አፋፉን ተሻግሮ ሄዷል፣ እጁ ደግሞ ሰው እጅ ውስጥ ገብታለች።

ተቆጣጣሪው የመጣው ሰማያዊዎቹ መስታወቶች በተገጠሙ በማግስቱ ነው። ወገቡን የሚያመው ሽማግሌ ነበር፤ ጎንበስ ለማለት የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ።

«ሰማያዊ ነው» አለ። «ትንሽ ወደ ሐምራዊ ያደላል።»

«የዘንድሮ ነው» አለች የሽያጭ ኃላፊዋ።

«መስታወቱ ራሱም ሰማያዊ ይመስላል።»

«ከእሳቱ ጥራት የተነሳ እኮ ነው!»

ሽማግሌው ቀና ብሎ ኬሚስቱን አየው። «አንተ ነህ ባለሙያው? ሰማያዊ ነው?»

ኬሚስቱ አቶ ይቻላልን አየ፤ አቶ ይቻላል ጣሪያውን ያያል።

«በመስታወቱ በኩል ሲታይ» አለ ኬሚስቱ፣ «ሰማያዊ ነው።»

አንዲት የውሸት ቃል አልወጣውም። ለዚህ ነው ሰው የሚማረው። ተቆጣጣሪው ማኅተሙን እፍ አለበትና መታ።

በሳምንቱ ኬሚስቱ የፈጠራ ክፍል ኃላፊ ሆነ። በር ያለው ቢሮ ተሰጠው፤ በሩ ላይ ማዕረጉ ተለጠፈ። የብየዳ ክፍል ሰዎች በበሩ ሲያልፉ ወደ ሰማይ እያዩ ያፏጫሉ። እሱም «መብሻው ሲመጣ አስተካክለዋለሁ» ይላል ለራሱ። ከዚያ ደግሞ «ሰው እኮ መስኮቱን ይከፍታል» ይላል። የመጀመሪያው ማሞቂያም፣ ለፈጣሪው ቤተሰብ ክብር ሲባል፣ በሪባን ታስሮ ለእህቱ ተላከ። ላኪው አቶ ይቻላል ነው፤ ኬሚስቱ የሰማው ከደረሰ በኋላ ነው።

እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። እናትና አባታቸው ሲሞቱ እሱ ገና ፊደል አልቆጠረም ነበር፤ ያሳደገችው፣ ያስተማረችው፣ ሲያተኩሰው ሌሊቱን ሙሉ የተሸከመችው እሷ ናት። ግቢውን ቁልቁል በምታይ አንዲት ፎቅ ክፍል ውስጥ፣ የልብስ ስፌት ማሽኗን መስኮቱ ሥር አስቀምጣ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ባል አላገባችም። «አንዱን ሊቅ ለማሳደግ ዕድሜዬ አለቀ፤ ሁለተኛ ወንድ የምችልበት ጉልበት የለኝም» ትላለች፣ እየሳቀች ነው የምትለው።

ወንድሟ ሊጠይቃት ሲሄድ ክፍሉ እንደ መታጠቢያ ቤት ታፍኖ አገኘው። የመስኮቱ መስታወት ላብ አጥምቆታል። ማሞቂያው መሐል ወለሉ ላይ፣ ሪባኑ እንደታሰረ፣ ሐምራዊ የተቀላቀለበት ሰማያዊውን እያበራ ይነዳል። ከበላዩ ያለው የመጋረጃ ጫፍ ጠቁሯል።

«ና ግባ፣ በሩን ዝጋ! ሙቀቴን አታስወጣብኝ» አለችው። ጉንጯ ቀልቷል። «የወንድሜን እሳት እየሞቅኩ ነው!»

«እትዬ፣ መስኮቱን ለምን አትከፍቺም?»

«መስኮት ከፍቼ ማሞቂያ ላንድድ? መንገደኛውን ላሙቅ?»

«ትንሽ አየር...»

«አየር እዚያ ውጭ ሞልቷል፤ ስትወጣ ትስበዋለህ። አንተ፣ ግቢያችን ያለችው ባለሱቋ እኮ ገዛች! አይታ፣ ‹ይሄ እሳት ነው ወይስ ጌጥ?› አለችኝ። ‹ወንድሜ ነው የፈጠረው› አልኳት። ታች ያለችው አራስም ባሏን ልካ አስመጣች፤ ለሕፃኑ። እኔ ነኝ ያልኳት። ‹ዓይንሽን ጨፍነሽ ግዢ› አልኳት።»

ኬሚስቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ራስሽን ያምሻል?» አላት።

«እሱማ ዓይኔ ነው። መነጽሬ አርጅቷል። ምን ዓይኔ ብቻ፣ ትናንት ማሽኑ ላይ እንቅልፍ ጥሎኝ የአንዱን ልጅ እጅጌ ከኪሱ ጋር ሰፍቼው ቁጭ! ያ ልጅ ዩኒፎርሙን ሲለብስ እጁን ሳይከት ኪሱ ሊገባ ነው።» እስኪያስላት ሳቀች። «እርጅና ነው ወንድምዬ። ምን ታፈጣለህ? ቢሮ ሰጡህ አይደል? በር አለው?»

«አለው።»

«በር!» አለች፣ ማሽኗን ትታ አየችው። «በር ያለው ቢሮ። እናታችን ብታይ።»

እንዲህ እያለች እንዴት ብሎ ይናገራል? መስኮቱን ገርበብ አድርጎላት ወጣ። ከግቢው ሆኖ ቀና ብሎ ሲያይ እጇ ወጥታ ስትዘጋው አየ።

በቀጣዩ እሁድ ሞረድ በኪሱ ይዞ መጣ። እህቱ ባለሱቋ ዘንድ ዕቃ ልትገዛ ሄዳ እስክትመለስ ድረስ ማሞቂያውን አጥፍቶ ፈታውና ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ እየሞረደ አሰፋቸው። ሰማያዊውን መስታወት ነቅሎ ተራ መስታወት ገጠመ። ለኮሰው። ነበልባሉ መጀመሪያ ተንገዳገደ፣ ከዚያ ቁጭ አለ፤ አጭር፣ ቀጥ ያለ፣ ፈዛዛ ሰማያዊ፣ ውስጡ ሹል፣ እንደ ውሃ የጠራ፤ በቀን ብርሃን ለማየት እንኳ ዓይን የሚያስጠብብ። ኬሚስቱ ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ ትክክለኛ እሳት አየ፤ እዚያው ተንበርክኮ ቀረ።

እህቱ ገብታ ዕቃዋን አስቀመጠች። ማሞቂያውን አየች። ጎንበስ አለች። ደግማ አየች።

«ምን አደረግከው?»

«አስተካከልኩት። አሁን ነው በትክክል የሚነደው። እጅሽን አስጠጊ፣ ሙቀቱን እዪው።»

«ይሄ እሳት ነው? ይሄማ የታመመ ነው! ያ እንደ ሰማይ የነበረው የት ሄደ?»

«እትዬ፣ እውነተኛው ሰማያዊ ይሄ ነው።»

«አይ ወንድሜ! ሹመት ሲመጣ እጅ ይተሳሰራል ይባላል፣ እውነት ነው ለካ። ለሕዝቡ ያን የመሰለ ሠርተህ፣ ለገዛ እህትህ ይሄን ኩራዝ?» አኮረፈች። «ባለሱቋ ብታየው ምን ልላት ነው?»

ያን ዕለት አኩርፋ ሸኘችው። እሱ ግን ደስ ብሎት ወጣ፤ እያፏጨ። እህቱን አድኗል፣ ምሥጢሩም አልወጣም። እንዲህ ያለ ደስታ ሲገኝ መጠርጠር ነበር።

በሳምንቱ አጋማሽ አቶ ይቻላል ቢሮው መጣ፤ በሩን አንኳኩቶ ነው የገባው፣ ለማክበር።

«እህትህ ትናንት ራሷ እዚህ ድረስ መጣች» አለ እየሳቀ። «‹ማሞቂያዬ ፈዘዘ፣ ወንድሜ ሊያስተካክል ብሎ ነካክቶ አበላሸብኝ› ስትል ሠራተኛው በሳቅ ፈረሰ። ፈጣሪው የፈጠረውን አያውቀውም እንዴ? አይዞህ። ራሴ ቆሜ አዲስ አስቀየርኩላት። መስታወቱንም ጨምሬ ደማቅ አስደረግኩላት። የቤተሰብ ነገር አይደል?»

«አመሰግናለሁ» አለ ኬሚስቱ።

አቶ ይቻላል ከወጣ በኋላ በሩን አየው። ከውስጥ በኩል ምንም አልተጻፈበትም።

ያን ቀን ሥራውን ጥሎ ወጣ። ደረጃውን እየሮጠ ወጣ፣ ሳያንኳኳ ገባ፣ ማንንም ሳያናግር ሄዶ መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፈተው። ቀዝቃዛው አየር ገብቶ የተቆረጡትን ጨርቆች ወለሉ ላይ በተናቸው። እህቱ ማሽኗ ላይ ግንባሯን ደፍታ ነበር። ቀስ ብላ ቀና አለች፤ የጨርቁ ስፌት ጉንጯ ላይ ታትሟል።

«ምን ሆንክ አንተ? ሰው ሞተ?»

«ገና ነው» አለ። «እትዬ፣ ስሚኝ። ዛሬ አትሳቂብኝ፣ እኔም አልቀልድም።»

ነገራትም። ስለ ጠባቦቹ ቀዳዳዎች፣ ስለ ራበው እሳት፣ ሽታ ስለሌለው ጋዝ ነገራት። ሰማያዊው እሳቱ ሳይሆን መስታወቱ መሆኑን፣ መስታወቱም የእሱ ቀልድ መሆኑን ነገራት። ራስ ምታቷ ከዓይኗ እንዳልሆነ ነገራት። እንድታምነው ሲል ማሞቂያው ሥር ተንበርክኮ መስታወቷን በጉጠት ነቀላት። ቢጫው ነበልባል እንደ ምላስ ወጥቶ ተወዛወዘ፤ ጫፉ ላይ ቀጭን ጥቁር ጭስ ነበረው።

እህቱ ነበልባሉን አየች። ከዚያ እሱ እጅ ላይ ያለችውን ሰማያዊ መስታወት ተቀብላ ወደ ዓይኗ አስጠጋችና በእሷ ውስጥ ወንድሟን አየችው። ብዙ አየችው።

«ያቺ አራስ» አለች በመጨረሻ።

«አዎ።»

«ባለሱቋም።»

«አዎ እትዬ። ሁሉም። ወርደን እንንገራቸው። አሁኑኑ።»

«ሌላ ማን ያውቃል?»

«ፋብሪካ ያሉት። እኔ። አሁን አንቺ።»

ከወንበሯ ተነሳች። ጠረጴዛውን ደገፍ ብላ፣ ትንሽ ተንገዳገደች። ኬሚስቱ ማሞቂያውን ልታጠፋ የተነሳች መስሎት ከመንገዷ ገለል አለላት። እሷ ግን አልፋው ሄደች። ከመስኮቱ ቁልቁል ግቢውን አየች፤ ባለሱቋ የታጠበ አንሶላ ታሰጣለች፣ ከምድር ቤት የሕፃን ለቅሶ ይሰማል። ባለሱቋ ቀና ብላ እጇን አውለበለበች። እህቱም አውለበለበችላት፣ ፈገግም አለችላት።

ከዚያ መስኮቱን ዘጋችው። መቀርቀሪያውን ሳበች። በላዩ ላይ ጫፉ የጠቆረውን መጋረጃ ጋረደች።

«እትዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ዝም በል። ይሰማሉ» አለችው። «ወንድሜ ሊቅ ነው ብዬ ስንት ዓመት የተኩራራሁበት ግቢ ነው። ሞት የሁሉም ነው፣ ዕፍረት ግን የእኔ ብቻ ነው የሚሆነው። ነገ አንድ ምክንያት እንፈጥራለን። ተሰበረ፣ ሊቀየር ነው፣ ሌላ ሞዴል መጣ፣ ምናምን እንላቸዋለን። አንተ መቼም ነገር መፍጠር ታውቅበታለህ።»

መስታወቷን መለሰችለት። «ይልቅ ይህችን ግጠማት። ሰው ድንገት ቢገባስ?»

«እሳቱን ቢያንስ ላጥፋው?»

«ጠፍቶ ቢያዩት አይጠይቁኝም? ለአንድ ምሽት ምን ይሆናል? ተቀመጥና ምን እንደምንላቸው ንገረኝ። ቀስ ብለህ።»

ኬሚስቱ መቀርቀሪያውን አየ፣ እህቱን አየ። ወለሉ ላይ ተንበረከከ፣ ሰማያዊዋን መስታወት ቦታዋ መለሳት፤ ክፍሉም እንደገና ሰማይ መሰለ። እህቱ አጠገቡ ተቀምጣ የምትጠብቀውን ምክንያት ጀመረላት።

«ትንሽ ቀንስ» አለች፣ ግንባሯን እያሸች።

ድምፁን ቀነሰ።